የነሐስ ውታፍ

ቁንዶ ሳይቆጣ የዋለበት ቀን ካለ፣ ወይ ታሞ ተኝቷል ወይ ገና አልተወለደም ነበር። ስሙን ያወጡለት የሐይቁ ጀልበኞች ናቸው። ቁመቱ አጭር፣ መልኩ ጥቁር፣ ነገሩ የሚያቃጥል ስለሆነ ከቁንዶ በርበሬ ሌላ የሚመስለው አላገኙለትም። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያስታውስ በወደቡ ላይ ብዙ ሰው የለም። የሚያስታውሱትም አይጠሩትም፤ በስሙ ሲጠሩትም ይቆጣልና።

ሥራው የጀልባ ሞተር መጠገን ነው። ጋራዡ ከውሃው ዳር ሃያ እርምጃ ያህል ገባ ብላ የቆመች የቆርቆሮ ቤት ናት። ሲገቡ በግራ በኩል ብረት ነክሶ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረበት ወፍራም ጣውላ አለ። ከጣውላው በላይ ቁልፎቹ ከትንሽ እስከ ትልቅ ተሰልፈው ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ የእያንዳንዱ ቅርጽ ከኋላው በከሰል ስለተሳለ የጎደለው ወዲያው ይታወቃል። ጥግ ላይ ውሃ የተሞላ በርሜል ተቀምጧል፤ የተጠገነ ሞተር ጠርዙ ላይ ታስሮ የሚፈተነው እዚያ ነው። በሩ ላይ በነጭ ቀለም «ሞተርዎን እንጂ ምክርዎን አያምጡ» ተብሎ ተጽፏል። አዲስ ደንበኛ ሁሉ ቀልድ ይመስለውና እየሳቀ ይገባል፤ ሲወጣ ግን አይስቅም።

እጁ ግን እጅ ነው፤ ይህንን ጠላቶቹም አይክዱም። ሞተር ገና ከሩቅ ሲመጣ ድምፁን ሰምቶ በሽታውን ይናገራል። አንድ ልማድ ነበረው፤ የሠራው ነገር ላይ ሁሉ፣ ቡሎንም ይሁን ክዳን፣ በሹል ብረት ሦስት ነጥብ በተርታ ይመታበታል። ሦስት ነጥብ ያለበት ሥራ የእሱ ነው፤ ማንም አይነካውም። ነካክተውት ከመጡ ባለሞተሩን ከነሞተሩ ጠራርጎ ያስወጣዋል። «እኔ ከሠራሁት በኋላ የተበላሸ ነገር ካለ፣ ያ እኔ ያልሠራሁት ነው» ይላል። አባባሉ ትንሽ ግራ ያጋባል፤ እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ ተመርቶበታል።

ከቁጣዎቹ ሁሉ ትልቁን ያስቀመጠው ለታናሽ ወንድሙ ነበር።

አባታቸው በሐይቁ ላይ ሰውና ዕቃ እያመላለሰ ነው ያሳደጋቸው። ሞተሩ ከሁለቱም ወንድማማቾች በዕድሜ የሚበልጥ፣ ቀለሙ የተላላጠ አሮጌ ስለነበር «ሽማግሌው» ይሉታል። ሽማግሌው በመጨረሻ ላይ አንድ አመል አወጣ። በፍጥነት ሲሄድ ይዘፍናል፤ ጥቂት አዝግሞ ነዳጅ ሲጨመርለት ግን ያንቀዋል፣ ይስላል፣ ቀጥ ይላል። ቁንዶ በዚያ ሰሞን ሥራ ተደራርቦበት ስለነበር ሽማግሌውን የያዘው ታናሹ ነው። ታናሹ ሙያውን ከቁንዶ ሥር ሆኖ የተማረ፣ ዝምተኛና እርጋታ ያለው ሰው ነው። በአንድ ክረምት አራት ጊዜ ፈታው። እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ቀየረ፣ ካርቡራቶሩን አጠበ፣ በብረቶቹ መጋጠሚያ የሚገባውን ጓርኒሲዮን ቆርጦ አለበሰ። በርሜሉ ውስጥ ሲፈትነው እንከን የለበትም፤ ሐይቁ ላይ ሲወጣ ያው ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አባታቸው ብቻውን ዕቃ ጭኖ ሲመለስ ነፋስ ተነሣ። ማዕበሉን ለማሳለፍ አዘገመ፤ ካለፈለት በኋላ ነዳጅ ሲሰጠው ሽማግሌው ሐይቁ መሐል ላይ ጸጥ አለ። አባታቸው የማስነሻውን ገመድ ትከሻው እስኪዝል ጎተተ። በማግስቱ ዓሣ አጥማጆች ሲያገኙት ጀልባው እስከ ግማሹ ውሃ ይዟል፤ እሱ ደግሞ ርሶ ይንቀጠቀጣል። ሳምባው ታመመና ሦስት ሳምንት ተኝቶ ሞተ።

ቀብሩ ላይ የወደቡ ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ ቁንዶ ጣቱን ወንድሙ ላይ ቀሰረ። «አባቴን የገደለው ሐይቁ እንዳይመስላችሁ» አለ። «ይሄ ነው፤ በገዛ እጁ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ታናሹ ያኔ የአራት ዓመት የነበረችውን ልጁን ከሚስቱ ተቀብሎ አቀፋትና ሄደ። በሳምንቱ ቤቱን ጠቅልሎ ማዶ ተሻገረ፤ ሞተር መንካቱን ትቶ የጀልባ አናጢ ሆነ። ቁንዶ ይህንን ሲሰማ፣ ያጠፋ ሰው መሸሹ ያለ ነው አለ። ከዚያ ወዲህ አሥራ አንድ ዓመት አልተያዩም። ሽማግሌውም አሥራ አንድ ዓመት በጆንያ ተሸፍኖ ጋራዡ ጥግ ተቀመጠ።

እታለም የሁለቱም ታላቅ እህት ናት። ጉልበቷ ይታመማል፤ ምላሷ ግን ደኅና ነው። በወደቡ ላይ ወደ ቁንዶ ጋራዥ ምክር ይዞ መግባት የሚችል እሷ ብቻ ናት። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዱላዋን ተመርኩዛ ገባችና ጆንያውን በዱላዋ ጫፍ ገለጠችው። ከመሞቷ በፊት የአባቷን ሞተር ድምፅ አንዴ መስማት እንደምትፈልግ ነገረችው። ቁንዶ ያ ነገር የሬሳ ሣጥን እንጂ ሞተር አይደለም አላት፤ ደግሞም ሥራ አለብኝ፤ ደግሞም ሰው ሁሉ አብዷል። እታለም አልተከራከረችውም።

«ካቃተህ ግድ የለም» አለችው። «ጀልባ ላይ አስጭኜ ማዶ ለታናሽህ እወስደዋለሁ።»

የቁንዶ ቆሽት አረረ። «ለገደለው ሰው?»

«አንተ ካልቻልክ ምን ላድርግ? እሱ ይሞክረው።»

ወንድሟን ታውቀዋለች። ይህን ብላ ወጣች፤ ከበሩ ብዙም ሳትርቅ ቁልፍ ከግድግዳው ሲነሣ ሰማች።

ቁንዶ የዚያን ቀን ደንበኛ አልተቀበለም። ሽማግሌውን ተሸክሞ ጣውላው ላይ አወጣውና፣ እየፈታ ከወንድሙ ጋር መሟገት ጀመረ። ወንድሙ እዚያ አለመኖሩ አላገደውም። ይህን ቡሎን መቼም አላጠበቀውም ብሎ ቁልፍ አገባበት፤ ቡሎኑ በልኩ ጠብቋል። ካርቡራቶሩን አላጠበውም ብሎ ከፈተው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እንኳ ጽዳቱ ያስታውቃል። ጓርኒሲዮኑ ጠርዝ በጠርዝ ገጥሞ፣ ልክ ቁንዶ እንዳስተማረው ተቆርጧል። ሰው ጥፋት ፈልጎ ጥፋት ሲያጣ የሚናደደውን ያህል በምንም አይናደድም። ቁንዶ ላም ባልዋለበት ኩበት ሲለቅም ዋለ። ወደ ማታ ላይ ቁልፉን ወርውሮ ግድግዳውን በሳው።

ረቡዕ ጠዋት ሲነሣ አንድ ነገር ትዝ አለው። እንዲህ ያለ አሮጌ ሞተር የሚጠጣው ቤንዚንና ዘይት ተቀላቅሎ ነው። ሲያዘግም ሁሉም አይቃጠልለትም፤ ትርፉ ወርዶ ሆዱ ሥር ይጠራቀማል። ሠሪዎቹ ለዚህ ብለው ከታች መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ ትተውለታል፤ ትርፉ በዚያች በኩል ጠብ ጠብ እያለ ይወጣል። ቀዳዳዋ ከተዘጋች ትርፉ ይከማቻል። ነዳጅ ሲጨመር ያ ሁሉ ተግተልትሎ ወደ ላይ ይነሣና ካንዴላውን ያሰጥመዋል፤ በርሜል ውስጥ ለአጭር ጊዜ ሲፈተን ግን ብዙ ስለማይከማች አይታወቅም። አዲሶቹ ሞተሮች ትርፋቸውን ውስጥ ለውስጥ ስለሚጨርሱት ይህ ነገር አይታይባቸውም፤ ቁንዶ ራሱ ያወቀው ከአምስት ዓመት በፊት ሌላ አሮጌ ሞተር ከሩቅ ተጭኖ ሲመጣለት ነው። አሁን ግን ከእናቱ ማህፀን ጀምሮ የሚያውቀው መሰለው። ይህቺን ቀዳዳ ሳያይ አራት ጊዜ ፈታሁ ይላል እንዴ፣ ይህ ከንቱ፣ እያለ ሽማግሌውን ገልብጦ ሆዱን በፋኖስ አየው።

ቀዳዳ መሆን የነበረበት ቦታ ላይ ቀዳዳ የለም። የደረቀ ዘይትና አቧራ ተጋግሮበታል። በካቻቢቴ ጫፍ ሲፍቀው ቆሻሻው ተላጠና ከሥሩ ቢጫ ብረት ብልጭ አለ። ነሐስ ነው። አንድ ሰው የነሐስ ቁራጭ በሊማ ሞርዶ፣ ቀዳዳዋ ውስጥ ሰክቶ፣ በመዶሻ መትቶ ደፍኗታል።

ያን ጊዜ የቁንዶ ዓይን ደም ለበሰ። ይህንን ያደረገው የማን አህያ ነው? ሞተር ይንጠባጠባል ብሎ መውጫውን የሚደፍን? የሐይቁን መካኒኮች በየስማቸው እየጠራ፣ የሞቱትንም ሳይቀር፣ አንድ በአንድ ሰደባቸው። ይህንን የሰካ እጅ ይቆረጥ አለ። ዳግመኛ መዶሻ አይያዝ አለ። ዳቦውን በሌላ ሰው እጅ ይጉረስ አለ። ጎረቤቱ መረብ ሠሪ ማን ጋር ተጣልቶ ነው ብሎ በመስኮት ብቅ አለና ብቻውን መሆኑን ሲያይ ተመለሰ። ቁንዶ እየተራገመ ጨርቅ በነጭ ጋዝ ነክሮ የነሐሱን ራስ ወለወለው።

ሦስት ነጥብ በተርታ ተመትቶበታል።

መጀመሪያ ያሰበው ምልክቴን የሰረቀኝ ሰው አለ ብሎ ነው። አይገርምም፤ ቁጡ ሰው ከራሱ በፊት ዓለሙን ሁሉ ይጠረጥራል። የሆነ ሆኖ ከሦስቱ ነጥቦች መካከለኛው ትንሽ ወደ ግራ ያዘነበለ ነበር፤ የቁንዶ ሹል ብረት ጫፉ ስለተጎረደ ሁልጊዜ እንደዚያ ይመታል። ጨርቁን እንደያዘ ርጩማው ላይ ተቀመጠ። ቀስ እያለ መጣለት። አባቱ ከመሞቱ አንድ ዓመት በፊት ይሆናል፤ አምስት ሞተር ተደርድሮ ወረፋ ሲጠብቅ አባቱ መጣና፣ ይህ ሽማግሌ ሱሪዬ ላይ እየሸና አስቸገረኝ አለው። ቁንዶ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ዘይት ይንጠባጠባል። ዘይት የሚንጠባጠብበት ቀዳዳ ደግሞ መደፈን አለበት። አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ሦስት ነጥቡንም መታበት። አባቱ እጅህ ይባረክ ብሎት ሄደ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይህ ግን አልተፈታም። እሱ ሲረሳው ነሐሱ ሥራውን ሲሠራ ኖረ።

ቁንዶ የሚቆጣውን ሰው ፈለገ። አባቱን ተቆጣ፤ በአንዲት ሱሪ ምክንያት ነው ይህ ሁሉ። የሞተሩን ሠሪዎች ተቆጣ፤ ቀዳዳ ሲያበጁ ምነው ምልክት አያደርጉበትም? ከዚያ የሚቆጣው ሰው አለቀበት። አልቆም ግን ቁጣው አላለቀም፤ እንደያዘው ቀረ። ውታፉን በፒንሳ ነቅሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተው።

ሥራው ገና ነበር። ከውታፉ በስተኋላ የአሥራ አንድ ዓመት ዘይት እንደ ሬንጅ ደርቆ መተላለፊያውን ሞልቶታል። መተላለፊያው ደግሞ እንደ ክርን ይታጠፋል፤ ከማጠፊያው ወዲያ ከወረቀት የሳሳች የብረት ምላስ አለች፤ ትርፉን ወደ ውጭ ታሳልፋለች፣ ውሃና አየር ወደ ውስጥ አታስገባም። እሷ ከተበሳች ሽማግሌው ለዘለዓለሙ አይነሣም። መሰርሰሪያ አይገባም፤ እሳት አይጠጋም። ቁንዶ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ዘርዝሮ አንዷን ዘለላ አወጣ፤ ጫፏን አጠፈና ሰደዳት። ገፋ ሲያደርጋት ተሰበረች። ሁለተኛዋን ሰበረ፤ ሦስተኛዋንም። አራተኛዋን ጥርሱን ነክሶ ሲጠመዝዝ ጣውላው ላይ የተሰበሩትን ሦስቱን አያቸውና ለቀቃት። ቁጣ የዛገ ቡሎን ይፈታ ይሆናል፤ እንዲህ ላለው ሥራ ግን አይሆንም። ነጭ ጋዝ በጠብታ ሞልቶበት፣ በሙቅ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ጠቅልሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ሐሙስ ሙሉ ቀን በዚያው አለቀ። ሽቦዋን ያስገባል፣ ሩብ ዙር ያዞራል፣ ያወጣል፣ ጫፏ ላይ የተለጠፈውን ጥቁር ነገር ይጠርጋል። እንደገና ነጭ ጋዝ፣ እንደገና ሙቅ ጨርቅ። ዓርብ ከረፋዱ ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ከውስጥ በኩል ገጥሞ በአፉ እፍ ሲል መጀመሪያ አንድ ጥቁር ጠብታ ወጣ፤ ቀጥሎ ጭቃ የመሰለ ነገር፤ ቀጥሎ አየሩ ፉጨት እያሰማ አለፈ። ወደ ውስጥ ሲስብ ምላሷ ጥብቅ ብላ ዘጋች፤ አልተበሳችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ ሰው ይሳደብ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌውን ገጣጥሞ በርሜሉ ላይ አሰረውና ገመዱን ሳበ። በአራተኛው ተነሣ። ጭሱ ጋራዡን ሞላው። ድምፁን ሰምታ እታለም እያነከሰች ደረሰች፤ በሩ ላይ ቆማ እጇን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ሲያጠፋው ዓይኗን በነጠላዋ ጠርጋ ምን ሆኖ እንደነበር ጠየቀችው።

«ቆሻሻ» አለ ቁንዶ። ውታፉ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«ቆሻሻ ብቻ?»

«መውጫው ተዘግቶ ነበር። በሽቦ ወጣ።»

እታለም ርጩማው ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ ይህን ሁሉ ዓመት ስከራከርለት ኖርኩ» አለች። «ልጁ አያጠፋም፤ አንድ ያላወቅነው ነገር አለ እያልኩ። ለካ በሽቦ የሚወጣ ቆሻሻ ነው ሳያይ የቀረው? አንተ እውነትህን ነበር።»

ቁንዶ ይህንን ከእህቱ አፍ ለመስማት አሥራ አንድ ዓመት ጠብቋል። አሁን ሲሰማው ግን እጁ ወደ ሸሚዝ ኪሱ ሄደና መልሶ ወረደ። እታለም እሑድ ማዶ ስትሻገር ለታናሹ ፊት ለፊት እንደምትነግረው፣ ሰው ጥፋቱን ማወቅ እንዳለበት ተናግራ ሄደች። ቁንዶ ቆይ አላላትም። አፉን ሊከፍት ሞክሮ ነበር፤ እዚያ አፍ ውስጥ ግን ለስድብ እንጂ ለእንዲህ ያለ ነገር የሚሆን ቃል አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ሽማግሌውን የጎረቤቱ የመረብ ሠሪው ጀልባ ላይ አሰረ። ለመረብ ሠሪው ሞተሩን ልፈትነው ነው አለው። እውነት ነው፤ ሊፈትነው ነበር። ምናልባት ነሐሱ ምክንያት ላይሆን ይችላል። ምናልባት ሽማግሌው ሌላ በሽታ አለው። ቀዳዳው ተከፍቶም ሐይቁ መሐል ላይ ቀጥ ካለ፣ ቁንዶ ነጻ ነው፤ ቀዝፎ ይመለሳል፣ ሞተሩን ጆንያ ያለብሰዋል፣ ነገሩ ባለበት ይቀራል። ሰው አባቱን ያሳጣው ሞተር ዳግመኛ እንዲሞት ሲመኝ ታዩት ዘንድ ይህን እናገራለሁ፤ ቁንዶ ያን ጠዋት የተመኘው ይህንኑ ነው።

ከወደቡ እንደወጣ ነዳጁን ቀነሰና አዘገመ። አንድ ሰዓት ሙሉ እንደ ዔሊ ሄደ። የሚያልፉት ጀልበኞች እየሳቁ ይጎተትልህ ወይ አሉት፤ የማይጻፍ መለሰላቸው። ከኋላ በኩል ትርፉ ጠብ ጠብ እያለ ውሃው ላይ ቀስተ ደመና ይሠራል። መሐል ላይ ሲደርስ፣ አባቱ ሞተሩ ጠፍቶበት የቆመበት አካባቢ፣ ሁለቱም ዳር እኩል በሚርቅበት ቦታ፣ እጁን ነዳጅ መስጫው ላይ አደረገ።

«ሙት» አለው። «ሙት እንጂ።»

በአንድ ጊዜ ከፈተው። ሽማግሌው አልሳለም፣ አላነቀውም። የጀልባውን አፍንጫ አነሣና ይዞት በረረ። ቁንዶ እንደገና አዘገመ፤ እንደገና ከፈተው። ሦስት ጊዜ ሞከረው። ሦስቱንም ጊዜ ሞተሩ እሺ አለው። ያን ጊዜ ቁንዶ መሪውን ይዞ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሞተሩን በጡጫ ይመታው ነበር። ከዚያ ፊቱን በሐይቁ ውሃ ታጥቦ ወደ ማዶ ቀጠለ።

የታናሹ ግቢ ውሃው ዳር ነው። አንድ ትልቅ ጀልባ ተገልብጦ በእንጨት እግሮች ላይ ተቀምጧል፤ አጠገቡ የሬንጅ ጣሳ ይጨሳል። ታናሹ የጣውላዎቹን መገናኛ በጥጥ ገመድ ሲወትፍ የሞተሩ ድምፅ ገና ከሩቅ ደርሶት ነበር። ቁንዶ ጀልባውን ሲያስጠጋ ወንድሙ የእንጨት መዶሻውን እንደያዘ ዳር ላይ ቆሟል። ጸጉሩ ሸብቷል። ዓይኑ ሽማግሌው ላይ ነው፤ ቁንዶን ያየው በኋላ ነው።

«እንደምን ዋሉ» አለው፣ ለማንኛውም ደንበኛ እንደሚል።

ቁንዶ ቢመታው ይሻለው ነበር። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ነበረው፤ ንግግሩ ሁሉ ግን ወይ በአባቱ ሱሪ ወይ በሞተር ሠሪዎቹ የሚጀምር ነበር። ተወው። ኪሱ ገብቶ ውታፉን አወጣና መዳፉ ላይ አድርጎ ዘረጋለት።

«ከሽማግሌው ሆድ ሥር ነው ያወጣሁት» አለ። «ትርፉ የሚወጣበትን ቀዳዳ ደፍኖት ነበር። ሲያዘግም የሚያሰጥመው ይሄ ነው። የሰካሁት እኔ ነኝ።»

ታናሹ ውታፉን አንሥቶ አገላበጠው፤ የነሐሱን ራስ በአውራ ጣቱ ጠረገው።

«አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «አራቱንም ጊዜ ጣቴ ነክቶታል። ሦስት ነጥብ ስላለበት የጋሼ ሥራ ነው ብዬ አለፍኩት።»

«ለምን አልጠየቅኸኝም?» ድምፁ ሳያስበው ጮኸ። ይህቺ የመጨረሻዋ ቁጣው ነበረች።

«ጠይቄህ ነበር። በርሜሉ አጠገብ ቆመህ። ከሥር ያለው ነገር ምንድን ነው ስልህ፣ ከእኔ ሥራ ላይ እጅህን አንሣ አልከኝ።»

ቁንዶ ትዝ አላለውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ወንድሙ ይህን የሚናገረው ሳይጮህ፣ ቃል በቃል፣ ትናንት የሆነ ያህል ነው። ቁንዶ በሕይወቱ ለማንም ብሎት የማያውቀውን ይቅር በለኝን አወጣው። ሲያወጣው የሌላ ሰው ድምፅ መሰለው።

ታናሹ ራሱን ነቀነቀ። «ለእኔ አይደለም። ገዳይ ያልከኝ ሰው ሁሉ ባለበት ነው። ልጆቼ አባቱን የገደለ ሰው ልጆች እየተባሉ ነው ያደጉት። ለእነሱ ንገራቸው።»

ሚስቱንና ልጆቹን ጠራ። ሚስቱ እጇ ላይ የሳሙና አረፋ እንዳለ ወጣች። ታላቋ ልጅ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗታል፤ ያን ቀን ቀብሩ ላይ አባቷ አቅፎ የወሰዳት ናት። ትንሹ ማዶ ነው የተወለደው፤ አጎቱን አይቶት አያውቅም፣ ሰምቶ ግን ያውቀዋል፤ ከእህቱ ጀርባ ተሸሸገ። ቁንዶ ፊታቸው ቆመ። ወደቡን ሙሉ በምላሱ የሚያተራምስ ሰው ከሁለት ልጆች ፊት ላብ አጠመቀው።

«አባታችሁ አያታችሁን አልገደለም» አላቸው። «የሞተሩን መውጫ የደፈንኩት እኔ ነኝ። አባታችሁ ሥራው ላይ አንድም ጥፋት የለበትም። ፈትቼ አይቼዋለሁ።»

ልጅቷ ዞር ብላ አባቷን አየች። እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ ፊቷ በቁጣ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«እኛ አምነንዎት አናውቅም» አለችው። «ልጆቹም፣ እኔም፤ አንድ ቀን እንኳ። ያመነዎት እሱ ነው። ሞተር ባለፈ ቁጥር ምን ረስቼ ነው ይለኛል፣ የቱን ሳላየው ቀርቼ ነው ይለኛል። አሥራ አንድ ዓመት። ለእኛ አይድከሙ፤ ለእሱ ይድገሙለት።»

ቁንዶ ዞረ። ታናሹ ጀርባውን ሰጥቷቸው የተገለበጠው ጀልባ ላይ ተደግፏል። መዶሻው ከእጁ ወድቋል። ቁንዶ ጠጋ አለና እጁን ትከሻው ላይ አደረገ።

«አንተ አይደለህም» አለው።

ወንድሙ አልተንቀሳቀሰም፤ ይስማ አይስማ አያስታውቅም። ቁንዶ ድምፁን ሳያነሣ፣ ከመጀመሪያው፣ ከአባታቸው ሱሪ ጀምሮ እንደገና ይነግረው ጀመር።